ዘውድ ወይስ ጎፈር?

የእህቴ ልጅ ከቨርጂንያ መጥታ ሰንብታ ልትመለስ በተነሳች ዕለት ቦርሳዋን ጠረጴዛዬ ላይ ገለበጠችው። ፓስፖርቷን ፍለጋ ነው። ፓስፖርቱ ከኮቷ ኪስ ተገኘ፤ እኔ ጠረጴዛ ላይ የቀረው ግን ሁለት ማስቲካ፣ የተጨማደደ ደረሰኝና አንድ እፍኝ የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። «ጋሼ፣ ይኼን ለጎረቤት ልጆች ስጥልኝ፤ እዚያም ቢሆን ሽርፍራፊ ነው» አለችኝ። ልጆቹ ሳይመጡ እኔ መነጽሬን አደረግሁ። ጽሑፍ ያለበት ነገር ካየሁ ሳላነብ አላልፍም፤ የመድኃኒት ብልቃጥ እንኳ አነባለሁ። ከእፍኙ ውስጥ ሦስት ባለ ሃያ አምስት ሳንቲሞች፣ ማለትም አሜሪካኖች «ኳርተር» የሚሏቸውን፣ ለየሁ። አንዱ የ2001፣ አንዱ የ2002፣ አንዱ የ2023 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ሳንቲሞቹ ላይ የተቀረጸው እሱ ስለሆነ።) ሦስቱም የአውሮፕላንን የጅማሬ ታሪክ የሚዘክሩ መታሰቢያዎች ናቸው። ሦስቱንም አንብቤ ስጨርስ ተናደድኩ።

«ደግሞ ዛሬ በሳንቲም መጣህ?» አለች ባለቤቴ።

አዎ፣ በሳንቲም መጣሁ። መታሰቢያ ሳንቲም ያከብራል ይባላል። እኔ የምለው ግን መንግሥት በሳንቲም ሲያከብር ፍርድ ነው የሚሰጠው። ለዚያውም ይግባኝ የሌለው ፍርድ። መጽሐፍ ቢሳሳት ሌላ መጽሐፍ ይጻፍበታል፤ ሐውልትም ቢሆን ሰዎች ተሰብስበው ያፈርሱታል። ሳንቲም ግን ኪስ ለኪስ፣ እጅ ለእጅ ይዞራል፤ ማንም አይከራከረውም፤ ዳቦ ይገዛበታል እንጂ። ክርክር የማይነሳበት ታሪክ ደግሞ እንዴት እንደሚያደርገን እናውቃለን።

እስቲ ከ2001ዱ እንጀምር። አሜሪካ ከ1999 እስከ 2008 ለሃምሳዎቹ ክፍለ ግዛቶቿ በየዓመቱ አምስት አምስት እያለች መታሰቢያ ኳርተር አውጥታለች። የሰሜን ካሮላይና ተራ በ2001 ደረሰ። ክፍለ ግዛቲቱ የመረጠችው ዲሴምበር 17 ቀን 1903 ኪል ዴቭል ሂልስ በሚባል አሸዋማ የባሕር ዳርቻ የሆነውን ነው። ኦርቪል ራይት በሆዱ ተኝቶ የነዳት ማሽን ከሐዲዷ ለቃ ወደ 37 ሜትር ያህል ለ12 ሴኮንድ በረረች፤ ወንድሙ ዊልበር በክንፏ ጫፍ በኩል ሲሮጥ ይታያል። ሳንቲሙ ላይ «የመጀመሪያው በረራ» ተብሎ ተጽፏል። ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሆኖ ስለተመታ፣ በዓለም ላይ ከዚህ በላይ የተባዛ የአውሮፕላን ምስል ካለ እጠራጠራለሁ።

ታዲያ ይህ ምስል ከሰዓሊ ጭንቅላት የመጣ አይደለም። ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፉን ያነሳው ደግሞ ከራይት ወንድማማቾች አንዱ አይደለም፤ አንዱ ማሽኑ ላይ ተኝቷል፣ ሌላው እየሮጠ ነው። ያነሳው ጆን ዳንኤልስ የሚባል፣ በአቅራቢያው ባለው የባሕር አደጋ መከላከያ ጣቢያ የሚሠራ ሰው ነው። ሥራው መርከብ ሲሰበር በማዕበል ውስጥ ጀልባ እየቀዘፈ ሰው ማውጣት ነው። በዚያን ዕለት ጠዋት ከጣቢያው ባልደረቦቹ ጋር ሊያግዝ መጣ። ኦርቪል ካሜራውን በባለ ሦስት እግሩ ላይ አስተካክሎ ተከለና፣ ማሽኗ ከሐዲዱ ስትነሳ የጎማዋን ኳስ ጨምቃት ብሎት ሄደ። ከዚያ በፊት ካሜራ ነክቶ የማያውቀው ዳንኤልስ በትክክለኛዋ ቅጽበት ጨመቃት።

ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ተማሪዎቼን በመጀመሪያው ቀን የምጠይቃቸው «ይህን የሚነግራችሁ ማነው?» የሚለውን ነበር። ታሪኩ ውስጥ የማይታየው ሰው፣ ታሪኩን የሚያሳየን ሰው ነውና። ዳንኤልስ እንዲህ ያለ ተራኪ ነው። እሱ ባይጨምቃት ኖሮ የራይት ወንድማማቾች ለዓመታት «ውሸታሞች» ሲባሉ የሚያሳዩት ነገር አይኖራቸውም ነበር። አንድ ቢሊዮን ጊዜ የተመታው የሱ ዓይን ያየው ነው። ስሙ ግን የለም። የቀረጸው ባለሙያ የስም ፊደላት እንኳ በጥቃቅኑ ገብተዋል፤ ይህ የሳንቲም ሥራ ወግ ነውና አልቃወምም። የዳንኤልስ ግን የለም።

የዚያን ቀን ነገር አላለቀም። ወንድማማቾቹ በየተራ አራት ጊዜ በረሩ፤ በአራተኛው ዊልበር 260 ሜትር ያህል ሄዶ 59 ሴኮንድ ቆየ። ከዚያ ማሽኗ መሬት ላይ ቆማ ሳለች ንፋስ አነሳት። ሌሎቹ ሲለቁ ዳንኤልስ አልለቀቀም፤ እንጨትና ሽቦው ውስጥ ተጠላልፎ ከማሽኗ ጋር ተንከባለለ። ቆስሎና ተቧጭሮ ወጣ። ያቺ ማሽን ከዚያ ወዲያ አልበረረችም። ኦርቪል የሞተው ጃንዋሪ 30 ቀን 1948 ነው። ዳንኤልስ በማግስቱ ሞተ።

አሁን ስለ ሌላ ሳንቲም ልንገራችሁ። ይኼኛው መታሰቢያ አይደለም፤ ተራ ሳንቲም ነው። ዲሴምበር 14 ቀን 1903፣ ማለትም ከታወቀው በረራ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ፣ ማሽኗ ተዘጋጅታ አልቃለች፤ ሁለት ወንድማማቾች አሉ፤ አንድ ሰው ብቻ ነው የምትይዘው። ማን ይቅደም? ልጅ ሆነን እኛ እንደምናደርገው አደረጉ። ዘውድ ወይስ ጎፈር! ሳንቲም ጣሉ። ያሸነፈው ዊልበር ነው። ወጥቶ ተኛ፣ ማሽኗ ተነሳች፣ አፍንጫዋን ከሚገባው በላይ ቀጥ አደረጋትና አሸዋው ላይ ወደቀች። ጥገናው ሦስት ቀን ፈጀ። ተረኛው ኦርቪል ሆነ። እናም ዛሬ «የመጀመሪያው በራሪ» የምንለው ሰው፣ ዕጣውን የተሸነፈው ሰው ነው።

ይህን ሳነብ ነው ነገሩ የገባኝ። ሁለቱ ራሳቸው «የመጀመሪያው» የሚለውን ነገር ከሳንቲም ውርወራ በላይ ቦታ አልሰጡትም። ሥራው የጋራቸው ስለነበረ ማን ቀደመ የሚለው በዕጣ የሚለይ ጨዋታ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ የመጡት ባለሥልጣኖች ናቸው ከጨዋታው ርስት ያወጡት።

ርስት ስል እያጋነንኩ አይደለም። ሁለተኛውን፣ የ2002ቱን ኳርተር እዩልኝ። የኦሃዮ ነው። ወንድማማቾቹ ማሽናቸውን ያሰቡትና የሠሩት ዴይተን፣ ኦሃዮ በነበረው የብስክሌት ሱቃቸው ውስጥ ነውና ኦሃዮ «አውሮፕላንማ የኔ ልጅ ነው» ትላለች። ሰሜን ካሮላይና በመኪና ታርጋዋ ላይ «በበረራ አንደኛ» ብላ ስትጽፍ፣ ኦሃዮ «የአቪዬሽን የትውልድ ስፍራ» ብላ በታርጋዋ ትመልሳለች። ሳንቲሙ ላይ ሲደርስ ግን ቃሉ «የአቪዬሽን ፈር ቀዳጆች የትውልድ ስፍራ» ሆነ። አልሸሹም ዞር አሉ! አንዲት «ፈር ቀዳጆች» የምትል ቃል ጣል አድርገው ከጎረቤት ጠብ ወጡ። ይሁን፣ ዊልበር የተወለደው ግን ኢንዲያና ነው። ከራይት አውሮፕላን ጎን አንድ የጠፈር ተጓዥ ቆሟል፤ ኒል አርምስትሮንግና ጆን ግሌን የኦሃዮ ልጆች ስለሆኑ ነው። ሁለቱም በ2002 በሕይወት ነበሩ፤ ሕጉ ደግሞ በሕይወት ያለን ሰው መልክ በነዚህ ሳንቲሞች ላይ ይከለክላል። ስለዚህ ሰውየው ራስ ቁሩ ውስጥ ተደብቆ ቀረ። ለመከበር መጀመሪያ መሞት ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ይህን እንኳ እኛም ሳንማር የምናውቀው ነው።

ጠቡ እነሱ ጋ ብቻ ቢቆም ባልከፋ። ብራዚል «የመጀመሪያው የኛው ሳንቶስ ዱሞን ነው» ትላለች። በ1906 ፓሪስ ባጋቴል ሜዳ ላይ፣ ሕዝብና ታዛቢ ባለበት፣ በራሱ ጎማ ተንደርድሮ ተነሳ፤ የራይቶች ማሽን ግን በሐዲድ ላይ ነው የተንሸራተተችው፣ ያየውም አምስት ሰው ነው ባይ ናት። ማስረጃዋስ? ሳንቲም! በ1936 የወጣው የ5000 ሬይስ ብሯ ላይ ሳንቶስ ዱሞን አለ፤ በ2006ም ለበረራው መቶኛ ዓመት ሌላ የብር ሳንቲም አወጣች። ኮነቲከት የምትባለው የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ደግሞ በ2013 «ጉስታቭ ዋይትሄድ ከሁሉም ቀድሟል» የሚል መንፈስ ያለው ሕግ አጸደቀች። አያችሁ፣ በዚህ መንገድ የታሪክ ጥያቄ የሚፈታው ማስረጃ በማገላበጥ ሳይሆን መዶሻና ማኅተም ባለው ነው።

ለመሆኑ ይህን ጠብ የጀመሩት ተራ ፖለቲከኞች ብቻ ናቸው? አይደሉም። ሊቃውንቱም አሉበት። ስሚዝሶኒያን የተባለው የዋሽንግተን ትልቅ ተቋም ኃላፊ የነበረው ሳሙኤል ላንግሌይ ከጦር ሚኒስቴር 50,000 ዶላር ተቀብሎ የሠራው ማሽን፣ ራይቶች ከመብረራቸው ዘጠኝ ቀን በፊት ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ተነክሯል። ተቋሙ ግን በ1914 ማሽኑን እንዲጠገን ሰጠ፤ ጠጋኙ የራይቶች የፍርድ ቤት ባላንጣ የነበረው ግሌን ከርቲስ ነው፤ እያሻሻለ ጥቂት ካስበረረው በኋላ ተቋሙ «መብረር የሚችል የመጀመሪያው ማሽን» ብሎ ሙዚየሙ ውስጥ አቆመው። ኦርቪል ተቆጥቶ የራሱን ማሽን በ1928 ለንደን ላከው። የተመለሰው በ1948፣ እሱ ከሞተ በኋላ ነው፤ ያውም ስሚዝሶኒያን «ከራይቶች በፊት የበረረ አለ» ካለ አውሮፕላኑን ያጣል በሚል ውል። እስቲ አስቡት፤ አንድ የምርምር ተቋም ወደፊት የሚደርስበትን ሐቅ አስቀድሞ በውል ሲፈርም! ውሉ የጸደቀው እውነት ነው ብዬ ባምንም — ራይቶች ናቸው ብዬ ነው የማምነው — እውነት በውል ሲታሰር ያስነውረኛል።

ገንዘቡንም ልጥቀሰው። በ2003 ለመቶኛው ዓመት የወርቅ፣ የብርና የግማሽ ዶላር መታሰቢያዎች ወጡ። በዋጋቸው ላይ ለወርቁ 35፣ ለብሩ 10፣ ለግማሽ ዶላሩ 1 ዶላር እየተጨመረ፣ ጭማሪው በባሕር ዳርቻው ላይ ላለው የራይቶች ሐውልትና የጎብኚዎች አዳራሽ እንዲውል በሕግ ተወሰነ። ክፋት የለውም። ለሐውልቱ ሌላ ሐውልት በኪሳችን ይዘን መዞራችን ብቻ ነው ያሳቀኝ።

ጥያቄው ግን ገንዘቡ አይደለም። በዚህ «የኔ ነው፣ የኔ ነው» ግርግር ውስጥ ማን ተረገጠ? ሁለቱ ወንድማማቾች ቀላልና ጠንካራ ሞተር የሚሠራላቸው ፋብሪካ አጥተው ነበር። ሱቃቸው ውስጥ ይሠራ የነበረው መካኒክ ቻርሊ ቴይለር በስድስት ሳምንት ገደማ፣ ከአንድ መቁረጫና ከአንድ መብሻ ማሽን ጋር እየታገለ፣ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ሠራላቸው። ያለዚያ ሞተር የ1903ቷ ማሽን ጥሩ ካይት ነች። (የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ዛሬ ለሃምሳ ዓመት አገልግሎት መካኒኮችን በስሙ ይሸልማል፤ ይህን አለማንሳት ግፍ ነው።) እህታቸው ካትሪን አስተማሪ ነበረች፤ ኦርቪል በ1908 ፎርት ማየር ላይ ተከስክሶ ከሞት ሲተርፍ ሥራዋን ጥላ ከአልጋው አጠገብ የተቀመጠችው እሷ ነች። ከሁሉ የምወዳት ግን ኪቲ ሆክ መንደር የምትኖረው አዲ ቴት ነች። ዊልበር በ1900 ለመጀመሪያው ተንሸራታች ክንፍ ጨርቁን ሲያስተካክል የሰፋው በሷ የስፌት መኪና ነው። ሙከራው አልቆ ሲሄዱ ክንፉን ትተውላት ሄዱ፤ አዲም ጨርቁን ቀዳ ለሁለት ሴት ልጆቿ ቀሚስ ሰፋች። እኔ ሳንቲም የሚያስቀርጽ ሥልጣን ቢኖረኝ በመጀመሪያ የማስቀርጸው ያንን ቀሚስ ነበር።

«ጋሼ፣ 24 ሚሊሜትር ብረት ላይ ስንት ሰው ይገባል?» አለች የእህቴ ልጅ፣ ማስቲካዋን እያኘከች። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የሦስተኛው ሳንቲም መልስ ግን እዚያው እጇ ላይ ነበር። ዙሪያው 119 ጭረት የተፈለፈለበት ሳንቲም ላይ፣ ቦታ ሲፈለግ ቦታ ይገኛል። የ2023ቱ ኳርተር ቤሲ ኮልማንን የሚዘክር ሲሆን ከስሟ ሌላ «6.15.1921» የምትል ቀን ገብታበታለች። ያቺ ቀን የበረራ ፈቃዷን ያገኘችበት ነች።

ይኼኛው ሳንቲም አንጀቴን በላው። ቤሲ በቴክሳስ በ1892 ተወልዳ ቺካጎ ውስጥ በፀጉር አስተካካይ ቤት የሰው ጥፍር እየሠራች የምትኖር ጥቁር ሴት ነበረች። መብረር አማራት። የአሜሪካ የበረራ ትምህርት ቤቶች በራቸውን ዘጉባት፤ አንድም ሴት፣ አንድም ጥቁር ስለሆነች። «ቺካጎ ዲፌንደር» የተባለው ጋዜጣ ባለቤት ፈረንሳይ ሂጂ አላት፤ ፈረንሳይኛ አጥንታ ሄደች፤ ለ ክሮቶይ በሚባል ቦታ ተማረች። አገሯ ተመልሳ በትርኢት በረረች። ተመልካቹ ነጭና ጥቁር ተለይቶ በሁለት በር ካልገባ ሲሏት በአንድ በር ካልሆነ አልበርም አለች። ኤፕሪል 30 ቀን 1926 ጃክሰንቪል ላይ በልምምድ በረራ ወድቃ በ34 ዓመቷ ሞተች። አውሮፕላኑን የጠለፈው መፍቻ ነው ተባለ፤ ያነዳ የነበረው መካኒኳ ዊልያም ዊልስም ሞተ።

በሯን የዘጋው አገር ከ97 ዓመት በኋላ በሳንቲም ጀርባ ላይ አስቀመጣት። ጀርባ ነው ያልኩት፤ ፊት ለፊቱማ ባሪያ ያሳድር የነበረው ጆርጅ ዋሽንግተን ነው። «እንዲያውም ክብር ነው፣ ምን ያንጫጫሃል?» የሚለኝ አይጠፋም። ክብርነቱንማ አልክድም። ሕፃናት ስሟን በኪሳቸው ይዘው መዞራቸው መልካም ነው። የሚያስቆጣኝ ሳንቲሙ የሚለውና የማይለው ነው። «6.15.1921» ይላል። የት? ብትሉት ዝም። ለምን ፈረንሳይ? ብትሉት ዝም። ማን ከለከላት? ዝም። ቀኒቱ የአሜሪካ ድል ሆና ተቀረጸች። ከልካዩ ራሱ መታሰቢያ አቅራቢ ሆኖ ሲመጣ፣ ከታሪኩ ውስጥ በመጀመሪያ የሚወጣው ከልካዩ ነው።

ይህ ነገር እኛ ዘንድ የሚደርስበት መንገድ አለው። ቤሲ ከሞተች በኋላ በስሟ ተነሳስተው ቺካጎ ውስጥ የጥቁር በራሪዎችን ማኅበር ካቋቋሙት አንዱ ጆን ሮቢንሰን ነው። እሱም በሩ ተዘግቶበት በቺካጎ የአውሮፕላን ትምህርት ቤት ውስጥ የፅዳት ሠራተኛ ሆኖ ገብቶ፣ ሲጠርግ እየሰማ የተማረ ሰው ነው። በ1935 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ትንሿን አየር ኃይላችንን መራ። በኋላም ተመልሶ መጥቶ ኖረ። በ1954 አዲስ አበባ ላይ በአውሮፕላን አደጋ ቆስሎ ሞተ፤ የተቀበረው ጉለሌ ነው። በሱ ስም ሳንቲም ተቀርጾ አላየሁም። ጉለሌ መቃብሩ አለ፤ ከአዲስ አበቤው ውስጥ ስንቱ አበባ አስቀምጦለት ያውቃል?

ይህን ሁሉ ለአንድ ጓደኛዬ ሳወራው «ታዲያ እኛም የራሳችንን እናስቀርጽ! የፀሐይን!» አለኝ፤ ዓይኑ በርቶ። «ፀሐይ» ማለቱ በ1935 አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራችውን አውሮፕላን ነው። ስሟን ከልዕልት ፀሐይ አገኘች፤ ኢጣሊያ ዘርፋ ወሰደቻት፤ ቪኛ ዲ ቫሌ የሚባል የአየር ኃይል ሙዚየም ውስጥ አሥርተ ዓመታት ቆማ በጃንዋሪ 2024 ተመለሰች። ስትመለስ እኔም ደስ ብሎኛል፤ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት ቆሜ ነው ያየኋት።

«ምን ትጽፍበታለህ?» አልኩት።

«የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት አውሮፕላን።»

«የሠራትስ?»

«እኛ ነና!»

«መሐንዲሱ ሉድቪግ ዌበር የሚባል ጀርመናዊ ነው። እሱ ይግባ?»

ጥቂት አሰበና «እሱ ከገባማ የኛነቷ ይደበዝዛል» አለ። የኦሃዮ ሰው ሆነብኝ።

«እሺ ይቅር። ከዌበር ጋር ቆመው እንጨቱን የላጉት፣ ጨርቁን የወጠሩት፣ ቀለሙን የቀቡት ኢትዮጵያውያንስ? ስማቸውን አምጣልኝና እሱን እንጻፍ።»

ቡናውን ቀመሰ፤ ቀዝቅዞበታል። ስማቸውን አላወቀም። እኔም አላወቅሁም፤ ይህን ያህል ስለ ዳንኤልስና ስለ አዲ ቴት ሳወራ የዋልኩት ሰውዬ። ሁለታችንም ዝም ብለን ቆየን። በመጨረሻ «ሳንቲሙ ከተቀረጸ በኋላ ይፈለጋላ!» አለኝ።

«አይሆንም፤ አስቀድሞ ነው የሚፈለገው» አልኩትና ሂሳብ ጠራሁ።